ባለቤቱ ሳይኖር ክፍት የሚያድር ሱቅ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ድረ ገጽ የነበረው የደብረ ማርቆስ ነጋዴ «የእኔም ገጽ አብሮ ተዘጋ» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እሱ ከፍቶ ሊያየው አልቻለም፤ ጎረቤቱም አልቻለም። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። የብዙው ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ድረ ገጽ የሚያድረው በኪራይ በተያዘ የውጭ አገር ኮምፒዩተር ላይ ነው። ጀርመን ወይም አሜሪካ የተቀመጠው ያ ኮምፒዩተር የጎጃም መስመር መቋረጡን አያውቅም። ገጹ ለሃምቡርግ ገዢ፣ ለዋሽንግተን ዘመድ፣ ለዱባይ ደላላ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነበር። ሊገባበት ያልቻለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ክፍት ሆኖ የሚያድር፣ ባለቤቱ ደግሞ ዞር ብሎ የማያየው ሱቅ ምን እንደሚገጥመው ለነጋዴ መንገር አያሻም። ሊብራራ የሚገባው ሌባው በየት በኩል እንደሚገባና ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ነው። ጉዳዩ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ገንዘቡን ያወጣው ሰው ሳይጠይቅ፣ ሥራውን የሠራው ልጅም ሳይናገር ይቀራል።

ካርታው፣ ኪራይ ቤቱና ቁልፎቹ

ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ በዛሬው ጊዜ ከባዶ አይነሳም። በነጻ የሚገኝ የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ወስዶ የደንበኛውን ስም፣ ሥዕልና ዋጋ ይሞላበታል። ከእነዚህ መካከል ገበያውን የያዘው ዎርድፕረስ ነው። ማት ሙለንወግ የተባለ አሜሪካዊና ማይክ ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ ግንቦት 19 ቀን 1995 ዓ.ም. ያወጡት ይህ ሶፍትዌር፣ ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ ለሚሆኑት መቆሚያ ሆኗል። ጁምላና ድሩፓል የሚባሉት ሁለቱ ሌሎች ደግሞ ቀደም ባሉት ዓመታት በመሥሪያ ቤቶችና በትምህርት ተቋማት ዘንድ ተመራጭ ነበሩ።

በነጋዴ ቋንቋ እናስቀምጠው። ዶሜይን የሚባለው መጠሪያ ስም የቦታው ካርታ ነው። ሆስቲንግ የሚባለው ማስተናገጃ በየዓመቱ ኪራይ የሚከፈልበት ቤት ነው። ዎርድፕረስ ግድግዳውና ጣሪያው ሲሆን፣ ፕለጊን የሚባሉት ጭማሪዎች ደግሞ በኋላ የሚገጠሙት በርና መስኮቶች ናቸው፤ የማዘዣ ቅጽ፣ የክፍያ መስኮት፣ የፎቶ ማሳያ፣ ገጹን የሚያፈጥን መሣሪያ። እያንዳንዱን በር የሠራው የተለየ አናጺ ነው። አንዱ በሕንድ፣ አንዱ በፖላንድ፣ አንዱ በቬትናም ሊኖር ይችላል። አናጺዎቹም በጥራት እኩል አይደሉም።

ማሻሻያ ወይም «አፕዴት» ማለት አንደኛው አናጺ በሠራው በር ላይ ቀዳዳ መኖሩ ሲታወቅ የሚልከው አዲስ ቁልፍ ነው። አስቸጋሪው ነገር አዲሱ ቁልፍ ሲወጣ የአሮጌው ድክመት ለሁሉም ሰው ይፋ መሆኑ ነው። ሰርጎ ገቦቹ ማሻሻያውን ከአሮጌው ጋር አነጻጽረው ቀዳዳው የት እንደነበረ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ በዓለም ዙሪያ ያሉትን ገጾች በየተራ የሚያንኳኳው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ገጹ የኒው ዮርክ ባንክ ይሁን የደብረ ማርቆስ ማር ነጋዴ ግድ አይሰጠውም። «እኔን ማን ያውቀኛልና ይሰርቀኛል?» የሚለው የብዙ ነጋዴ መልስ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ጊዜው ምን ያህል አጭር እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ድሮ የተፈጸሙ ነገሮችን ማስታወስ ይበቃል። ጥቅምት 5 ቀን 2007 ዓ.ም. ድሩፓል አንድ ከባድ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ አወጣ። የድሩፓል የደህንነት ቡድን በኋላ እንዳስታወቀው፣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልታደሰ ገጽ ሁሉ እንደተሰበረ ተቆጥሮ እንዲመረመር መክሯል። 7 ሰዓት ማለት ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ተሳፍሮ በዓባይ በረሃ በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ እንኳን አንዳንዴ የማይበቃ ጊዜ ነው። በጥር 2009 ዓ.ም. ደግሞ ዎርድፕረስ ራሱ ቀዳዳ ተገኘበት። አዘጋጆቹ ማሻሻያውን ጥር 18 አውጥተው የቀዳዳውን ምንነት ለአንድ ሳምንት ያህል ደበቁት፤ ገጾች በዝምታ እንዲታደሱ ጊዜ መስጠታቸው ነበር። ምስጢሩ ይፋ በሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳይታደሱ በቀሩ ድረ ገጾች ላይ ከ1 ሚሊዮን በላይ ገጾች ተበላሹ።

መስመሩ በጠፋበት ዓመት

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። ዎርድፕረስ ከጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጀምሮ አነስተኛ የደህንነት ማሻሻያዎችን ባለቤቱ ሳይነካው በራሱ ይቀበላል። ስለዚህ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ ግድግዳውና ጣሪያው በአብዛኛው ራሱን ሲጠግን ቆይቷል ማለት ይቻላል። ፕለጊኖች ግን ሌላ ናቸው። ከነሐሴ 2012 ዓ.ም. ወዲህ እነሱም በራሳቸው እንዲታደሱ ማድረግ የሚቻል ሆኗል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ወይም ሠሪው ገብቶ «ይሁን» ብሎ መፍቀድ አለበት። ያልፈቀደ ሰው በሮቹን በአሮጌ ቁልፍ ትቷቸው ነው የሄደው። በዎርድፕረስ ዙሪያ ከሚገኙት ቀዳዳዎች ከ10 ከ9 በላይ የሚሆኑት ደግሞ በፕለጊን ላይ የሚገኙ ናቸው።

ዓመቱም ጸጥ ያለ ዓመት አልነበረም። በጥር 2016 ዓ.ም. ከ1 ሚሊዮን በላይ ገጾች በሚጠቀሙበት «ቤተር ሰርች ሪፕሌስ» በተባለ ፕለጊን ላይ ቀዳዳ ተገኘ። በሚያዝያ «ዎርድፕረስ ኦቶማቲክ» በሚባለው ላይ በተገኘው ቀዳዳ ለመግባት በጥቂት ሳምንታት ከ5 ሚሊዮን በላይ ሙከራዎች ተመዘገቡ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ከ5 ሚሊዮን በላይ ገጾችን ለማፍጠን በሚያገለግለው «ላይትስፒድ ካሽ» ላይ፣ የማያውቁት ሰው የገጹ አስተዳዳሪ ሆኖ እንዲገባ የሚያስችል ቀዳዳ ይፋ ሆነ። ላይትስፒድ ርካሽ ማስተናገጃ በሚሸጡ ኩባንያዎች ዘንድ የተለመደ በመሆኑ ለእኛ አገር ገጾች ከሌሎቹ ይልቅ የቀረበ ነገር ነው።

ጁምላ የነበረው ነጋዴ ዕድሉ ከዚህም የከፋ ነው። ጁምላ ሦስት የተባለው ትውልድ ድጋፍ ያበቃው ነሐሴ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ የክልሉ ኢንተርኔት በተቋረጠ በሁለት ሳምንት ገደማ። ድጋፉ ካበቃ በኋላ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ ቁልፍ የሚሠራለት የለም። ድሩፓል ሰባትም ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከትሎታል። በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ገጽ ያለው ድርጅት ማደስ ሳይሆን ቤቱን መቀየር ነው የሚጠበቅበት።

ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ አንዳንድ ከተሞች መመለስ ሲጀምር ነጋዴውን የጠበቀው ሌላ ዜና ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተለቀቀ። በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የማስተናገጃ ኪራይና የመጠሪያ ስም ክፍያ በዶላር ነው። በዓመት 60 ዶላር የሚያስከፍል ማስተናገጃ በ57 ብር ሲሰላ 3,420 ብር ነበር፤ ዶላሩ 120 ብር ሲገባ 7,200 ብር ሆነ። ሽያጩ ቆሞ ለከረመ ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ገጹን ለመተው የወሰነ ቢኖር ምክንያቱን መረዳት ይቻላል። ነገር ግን መተውና መዝጋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የማይፈልጉትን ገጽ አጥፍቶ መጠሪያውን ብቻ ማቆየት ይቻላል፤ እንዲሁ ጥሎት መሄድ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ መሄድ ነው።

ስኳር የተቀላቀለበት ማር

የውጭ ምንዛሪ እጥረት የወለደው ሌላ ልማድ አለ። ጥሩ ጥሩ ፕለጊኖችና የገጽ ንድፎች የሚሸጡት በዶላር ነው፤ ያውም በየዓመቱ። ኢትዮጵያዊው ሠሪ የሚከፍልበት ካርድ ለማግኘት ለዓመታት ሲቸገር ኖሯል። በመሆኑም ፈቃዱ ተሰብሮ በነጻ የሚበተነውን ቅጂ ከየትም አውርዶ ይገጥማል። ደንበኛው ይህን አያውቅም፤ የሚያየው የሚያምር ገጽ ነው።

ይህ የተሰበረ ዕቃ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው፣ ከሠሪው ኩባንያ ጋር ግንኙነት ስለሌለው ማሻሻያ አይመጣለትም። ሁለተኛውና የባሰው፣ ሰባብሮ በነጻ የሚበትነው ሰው ደግነቱ አይደለም የሚያሠራው፤ ብዙ ጊዜ በውስጡ የራሱን ምስጢራዊ በር ያስቀምጥበታል። የጎጃም ማር ነጋዴ ስኳር የተቀላቀለበትን ማር ቀምሶ ይለያል። ይኸኛው ግን በመቅመስ አይለይም። ደረሰኝ መጠየቅ ነው መፍትሔው። «ይህን ፕለጊን ከየት አገኘኸው? ፈቃዱ በማን ስም ነው?» ብሎ መጠየቅ የኮምፒዩተር እውቀት አይፈልግም።

እውነቱን ለመናገር ግን ከትክክለኛው መጋዘን ማውጣትም ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. «ሶሻል ዎርፌር» የተባለውን ጨምሮ በርካታ ፕለጊኖች በዎርድፕረስ የራሱ መጋዘን ውስጥ እያሉ ተመረዙ። ሰርጎ ገቦቹ የአዘጋጆቹን የይለፍ ቃል አግኝተው፣ ማሻሻያ መስለው፣ በገጾች ላይ አዲስ አስተዳዳሪ የሚፈጥር ኮድ አስገቡ። በዚያ ሳምንት በፍጥነት ያደሰ ሰው የተጎዳበት አጋጣሚ ነበር። ዎርድፕረስ ከዚያ በኋላ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የፕለጊን አዘጋጆች ሁሉ ከይለፍ ቃል በተጨማሪ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲጠቀሙ አስገድዷል።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርም ነገር ተፈጠረ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ገጾች ለጥበቃ ብለው የገጠሙት «ሪሊ ሲምፕል ሴኪዩሪቲ» የተባለው ፕለጊን ራሱ ቀዳዳ ተገኘበት፤ ያውም ሁለተኛ ማረጋገጫ በሚጠይቀው ክፍሉ። ዘበኛው በር ከፍቶ ተገኘ እንደማለት ነው። አደጋው በመክበዱ ማሻሻያው በግዳጅ ወደ ገጾች እንዲላክ ተደርጓል።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች «እንግዲያው ባላድስስ?» የሚያሰኙ ይመስላሉ። ሂሳቡ ግን ሌላ ነው። የተመረዘ ማሻሻያ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ የታወቀ አሮጌ ቀዳዳ ግን በየቀኑ ይንኳኳል። ልዩነቱን የሚሸፍነው መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ትናንት የነበረው ገጽ ሙሉ ቅጂው ሌላ ቦታ ተቀምጦ ከተገኘ፣ የተመረዘም ሆነ የተሰበረ ገጽ በሰዓታት ይመለሳል። ቅጂው እዚያው ገጹ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ከተቀመጠ ግን አብሮ ነው የሚጠፋው።

የመጋዘኑ ባለቤቶች ጠብ

በመስከረም 2017 ዓ.ም. የዎርድፕረስ ዓለም ሌላ ዓይነት ትምህርት አግኝቷል። ማት ሙለንወግ «ደብሊውፒ ኢንጂን» ከተባለ ትልቅ የማስተናገጃ ኩባንያ ጋር ተጣላ። ጠቡ በንግድ ስም አጠቃቀምና በክፍያ ጉዳይ ነበር። ሙለንወግ የኩባንያው ደንበኞች ከዎርድፕረስ መጋዘን ማሻሻያ እንዳይወስዱ በሩን ዘጋ። ጥቅምት 2 ቀንም ከ2 ሚሊዮን በላይ ገጾች የሚጠቀሙበትን የዚያኑ ኩባንያ አንድ ፕለጊን ወስዶ ስሙን ቀይሮ በራሱ እጅ አደረገው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በሩ እንዲከፈት በጊዜያዊነት አዘዘ።

ለጎጃም ነጋዴ ይህ ምኑ ነው? የእህል ነጋዴ መጋዘን ከያዘው ሰው ጋር በሌላ ሰው ጠብ ምክንያት ዕቃው ሲታገድበት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ነጻ ሶፍትዌር ሲባል ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ከጥቂት ሰዎች እጅ የሚወጣ የአቅርቦት መስመር አለው። ይሁንና በዚህ ጸሐፊ አስተያየት አደጋው ሶፍትዌሩን ለመተው የሚያበቃ አይደለም። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ ሙለንወግ ነገ ቢተወው ሌላው ያነሳዋል፤ ዎርድፕረስ ራሱም የተወለደው «ቢቱ» የተባለ ሶፍትዌር ሠሪው ትቶት በቀረ ጊዜ ነው። ከጠቡም በኋላ ሥራው አልቆመም። ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው 6.8 የተባለው እትም የይለፍ ቃሎችን የሚያከማችበትን ዘዴ አጠንክሯል። ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ 6.9 ወጥቷል።

ዎርድፕረስን የሚሠሩት ሰዎች ዎርድካምፕ በሚባል ጉባኤ ይሰበሰባሉ። የመጀመሪያው በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሳን ፍራንሲስኮ የተካሄደ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ኬፕታውን፣ ካምፓላ፣ ናይሮቢና ሌጎስ በየጊዜው አዘጋጅተውታል። የኡጋንዳ ወጣቶች በዚህ በኩል የሄዱበት ርቀት ያስቀናል። በአገራችን በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የሚያዘጋጀው የሳይበር ደህንነት ወር አለ፤ ነገር ግን ንግግሩ ወደ ባንኮችና ወደ መንግሥት ተቋማት ያዘነብላል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪዎችና የከተማው ንግድ ምክር ቤት አንድ ቅዳሜ ተቀምጠው የነጋዴዎቹን ገጾች ቢፈትሹ ከብዙ ንግግር ይበልጥ ነበር።

ገብቶ ምን ያደርጋል?

ድረ ገጽ ሲሰበር ሁልጊዜ በግልጽ አይታይም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ራሱን «ሳይበር ሆረስ» ብሎ የጠራ የግብጽ ቡድን በሕዳሴ ግድብ ሰበብ የኢትዮጵያ ተቋማትን ገጾች ሰብሮ የፈርዖን ምስልና ዛቻ ለጥፎ ነበር። እንዲያ ያለው ጥቃት ቢያስደነግጥም ወዲያው ይታወቃል። የገንዘብ ሌባው ግን ዝምታን ነው የሚመርጠው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የተለመደው መንገድ ይህ ነው። ሰርጎ ገቡ በገጹ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የቁማርና የሐሰት መድኃኒት ማስታወቂያዎችን ይሰውራል። ባለቤቱ አድራሻውን ጽፎ ሲገባ የተለመደውን ገጽ ያያል፤ በጉግል በኩል ፈልጎ የሚመጣ የውጭ ገዢ ግን ቁማር ቤት ይገጥመዋል፣ ወይም «ይህ ገጽ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያነባል። የሰሊጥ ወይም የማር ገዢ አቅራቢውን በስሙ ፈልጎ ይህን ካየ ደውሎ አይጠይቅም፤ ወደሚቀጥለው አቅራቢ ያልፋል። ነጋዴው ለምን እንደተተወ ሳያውቅ ይቀራል። በዚያው መጠሪያ የሚላክ ኢሜይልም በጥቁር መዝገብ ስለሚገባ ፕሮፎርማው የገዢው ቆሻሻ ሳጥን ውስጥ ያድራል።

ከዚህ የከፋው በገጹ ላይ የተጻፈው የባንክ ሂሳብ ቁጥር ሲቀየር ነው። ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሆቴል ወይም አስመጪ ቁጥሩን በገጹ ላይ ካስቀመጠ፣ አንድ አሃዝ መቀየር ለሌባው በቂ ነው። እንደ ቻፓ ባሉ የክፍያ መተላለፊያዎች የሚሠራ ገጽ የተሻለ ነው፤ የደንበኛው ምስጢር ቁጥር በነጋዴው ገጽ ላይ አይቀመጥም። ሆኖም የተሰበረ ገጽ ደንበኛውን ወደ ተመሳሳይ የሐሰት መስኮት ሊወስደው ስለሚችል ከጥንቃቄ አያድንም።

ሕጉም ዝም አላለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ድርጅት ሁሉ መረጃውን እንዲጠብቅ፣ ከተዘረፈም በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የእንግዶቹን ስምና ስልክ በማዘዣ ቅጽ የሚሰበስብ የደብረ ማርቆስ ሆቴል መረጃ የሚይዝ ድርጅት ነው። ገጹ መሰበሩን ከ6 ወር በኋላ ከደንበኛ የሚሰማ ሰው 72 ሰዓቱን ከየት ያመጣዋል?

ከሠሪው ጋር የሚደረግ ውል

በብዙ አጋጣሚ ነጋዴው ለሠሪው አንድ ጊዜ ከፍሎ ይለያያል። ልጁ ተመርቆ አዲስ አበባ ይገባል፣ ስልኩን ይቀይራል። የመጠሪያው ስም የተመዘገበው በልጁ ኢሜይል፣ ማስተናገጃው በልጁ ካርድ፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በልጁ ደብተር ነው። ነጋዴው ካርታው በሌላ ሰው ስም በወጣ ቦታ ላይ ሱቅ ሠርቷል። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው የጎጃም ነጋዴ ገጽ ትልቁ አደጋ ከግብጽ ወይም ከሩሲያ የሚመጣው ሳይሆን ይህ ነው። መጠሪያው በድርጅቱ ስምና ድርጅቱ በሚቆጣጠረው ኢሜይል ይመዝገብ። በብር መክፈል የሚሻ ኢትዮ ቴሌኮም በነጥብ ኢቲ የሚያልቁ መጠሪያዎችንና ማስተናገጃን ለዓመታት ሲሸጥ መኖሩን ያስታውስ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው በየወሩ አነስተኛ ገንዘብ ተቀብሎ ገጹን የሚጠብቅ ሰው መያዝ ነው፤ ለሱቁ ዘበኛ የሚከፍል ነጋዴ ይህን ሊከብደው አይገባም። ውሉ ላይ አራት ነገር ይግባ፦ ፕለጊኖች በራሳቸው እንዲታደሱ መፈቀዱ፣ የማይሠራባቸው ፕለጊኖች መነቀላቸው፣ በየሳምንቱ ሙሉ ቅጂ ከማስተናገጃው ውጪ መቀመጡና ወደ ገጹ የሚገባ ሰው ሁሉ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠቀሙ። ቅጂው በእርግጥ ይሠራ እንደሆነ በዓመት አንድ ጊዜ ገጹን ከቅጂው አስነስቶ ማየትም ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ደግሞ በተለይ ለክልላችን ይጠቅማል፤ መስመሩ ዳግም ቢቋረጥ በጀርመን ያለው ኮምፒዩተር ባለቤቱን ሳይጠብቅ ቁልፉን ይቀይራል።

የመጠሪያውን ክፍያ በተመለከተ፣ የሚቻለው ሰው በአንድ ጊዜ ለሁለትና ሦስት ዓመት አስቀድሞ ቢከፍል ይመከራል። በነጥብ ኮም የሚያልቅ መጠሪያ ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም፤ መዝጋቢው የሚሰጠው የችሮታ ጊዜ ካለፈ በኋላም ከፍ ባለ ክፍያ የሚመለስበት 30 ቀን አለው። ያ ካለፈ በ5 ቀን ውስጥ ለገበያ ይለቀቃል። የታወቀ ስም ከሆነ የሚገዛው የቁማር ድርጅት ሲሆን፣ ቀድሞ የነበረውን ደንበኛ ሁሉ ይዞ ነው የሚረከበው።